መቅኔ ውስጥ የሰፈሩት ቲ ሴሎች፦ ካንሰርን በመቅኔ ሴል ማከም ሲባል ምን ማለት ነው

ስለ መቅኔ ስናወራ አብዛኞቻችን የምናውቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቅልጥም ተሰብሮ የሚመጠጠው ነው፣ ሌላው ደግሞ "እገሌ መቅኔ ተቀየረለት" የሚባለው ህክምና። ስለ መጀመሪያው ማብራሪያ የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛው ላይ ግን ግራ መጋባቱ ብዙ ነው፣ ሰዉ የሚመስለው ሀኪሞቹ የታመመውን መቅኔ አውጥተው ጥለው ደህናውን ሲያስገቡለት ሰውየው የሚድን ነው። ይሄ ውሸት አይደለም ግን ግማሹ ነው፣ ያውም የሚገርመው ግማሽ የቀረበት። ምክንያቱም ከሌላ ሰው መቅኔ ሲሰጥ ካንሰሩን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ኬሞው ሳይሆን አብረው የገቡት የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ይሄ ከታወቀ በኋላ ነው እንግዲህ "ታዲያ እነዚህን ሴሎች ብቻ ለይተን ለምን አንሰጥም?" "የራሱ የበሽተኛው መቅኔ ውስጥስ የሉም ወይ?" የሚሉ ጥያቄዎች የመጡት። የዛሬው ወሬዬ እነሱ ጥያቄዎች የት እንዳደረሱን ነው።

መጀመሪያ መቅኔ ውስጥ ምን አለ የሚለውን እንይ። ትምህርት ቤት እንደተማርነው ደም የሚሠራው እዛ ነው፣ ስቴም ሴል የሚባሉት መነሻ ሴሎች እየተከፋፈሉ ቀይ የደም ሴል፣ ነጭ የደም ሴል፣ ፕላትሌት ይሆናሉ። ከነጮቹ ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ አሉ፣ ዛሬ የምናወራው በሙሉ ስለነሱ ነው። ቲ ሴል ዘሩ ከመቅኔ ነው ግን ልጅ እያለ ታይመስ ወደምትባል ደረት ውስጥ ያለች እጢ ሄዶ ነው የሚበስለው፣ ራስህን አትንካ ባዕዱን ግን አትማር የሚለውን እዛ ይማርና ከዛ በደምና በንፍፊት እየዞረ ሲጠብቅ ይኖራል። በቫይረስ የተያዘ ወይም የተበላሸ ሴል ሲያጋጥመውና ሲያውቀው ይራባል፣ አንዱ ሺህ ይሆናል፣ ውጊያው ሲያልቅ አብዛኛው ይሞታል፣ ጥቂቱ ግን ሜሞሪ ቲ ሴል ሆኖ ይተርፋል። ያንን ጠላት ዳግመኛ ካየ ቶሎ ለመነሳት የተዘጋጀ ነው።

እና እነዚህ የተረፉት የት ነው የሚኖሩት? ደም ውስጥ እየተንከራተቱ አይደለም፣ በጣም ብዙዎቹ ተመልሰው መቅኔ ውስጥ ነው የሚሰፍሩት። መቅኔ ሲኤክስሲኤል 12 የሚባል ጠሪ ንጥረ ነገር ያመነጫል፣ ሴሎቹ ደግሞ ያንን የሚቀበል ተቀባይ ላያቸው ላይ አላቸው፣ እሱን ተከትለው ይገባሉ። ከገቡ በኋላም ኢንተርሉኪን 7 እና ኢንተርሉኪን 15 የሚባሉ እዛው የሚመረቱ ፕሮቲኖች ሳይሞቱ ለአመታት ያቆዩዋቸዋል። ስለዚህ መቅኔን ደም የሚሠራበት ቦታ ብቻ አድርጎ ማየት ልክ አይደለም፣ ከዘመቻ የተመለሱ ነባር ወታደሮች የሚሰፍሩበት ካምፕም ነው፣ እያንዳንዱ በዘመኑ የተዋጋውን ጠላት መልክ ያውቃል። ደም ውስጥ የምታገኘው በዛች ሰአት በመንገድ የሚያልፈውን ነው።

ይሄ ነገር ለካንሰር ምን ይጠቅማል? ለዚህ የጀርመኖቹን የሃይደልበርግ ሥራ ማንሳት አለብኝ። በ2001 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያሳተሙት ጥናት ላይ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች መቅኔ ውስጥ የገዛ የካንሰር እጢያቸውን የሚያውቁ ሜሞሪ ቲ ሴሎች አገኙ። ልብ በሉ፣ የጡት ካንሰር ነው፣ የመቅኔ ካንሰር አይደለም፣ ግን ካንሰሩን አይቶ የሚያውቀው ወታደር መቅኔ ውስጥ ተቀምጧል። ችግሩ ተቀምጧል እንጂ አይዋጋም። ተመራማሪዎቹ ሴሎቹን አውጥተው ላቦራቶሪ ውስጥ እንደገና ቀሰቀሷቸውና የሰው የካንሰር እጢ ለተተከለባቸው አይጦች ሰጧቸው፣ እጢው ሟሸሸ። አይጥ አይጥ ነው፣ ከአይጥ ወደ ሰው ስንት መድሃኒት መንገድ ላይ እንደሚቀር የሚያውቅ ያውቃል፣ ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ ሰውነታችን ካንሰሩን አያውቀውም ማለት ሁሌ ልክ አይደለም፣ አንዳንዴ ያውቀዋል ግን ተኝቷል።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ፣ ምክንያቱም የመቅኔ ሴል ካንሰር እንደሚገድል ሰው የተረዳው ከዚህ በፊት ነው፣ ያውም ሳይፈልገው። አሜሪካዊው ሀኪም ዶናል ቶማስ በ1957 ለመጀመሪያዎቹ 6 በሽተኞች ከሌላ ሰው መቅኔ መስጠቱን አሳተመ፣ ስድስቱም 100 ቀን ሳይሞላቸው ሞቱ። ብዙ ሀኪም ተስፋ ቆርጦ ነገሩን ተወው፣ እሱ ግን አልተወም፣ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዛን ጊዜ ሀሳቡ በጣም ቀላል ነበር፦ በጣም ከባድ ኬሞና ጨረር ስጥ፣ ካንሰሩም መቅኔውም አብሮ ይጥፋ፣ ከዛ ሰውየው ደም አጥቶ እንዳይሞት የሌላ ሰው መቅኔ አስገባለት። የገባው መቅኔ ከሞት ማትረፊያ እንጂ መድሃኒት ነው ብሎ ያሰበው ጥቂት ሰው ነው።

እንግዲህ በዚህ ሀሳብ ከሄድን ምርጡ ለጋሽ ማነው? መንትያ ወንድም ወይም እህት ነዋ! አንድ አይነት መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ስለሆነ ሰውነት አይቃወምም፣ የሚያጣላ ነገር የለም። ግን ቁጥሩ ሲሰበሰብ ተቃራኒው ታየ። ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር በሽተኞች ከአንድ አይነት መንትያቸው መቅኔ ሲወስዱ በሽታው የሚመለስባቸው ከተራ ወንድም ወይም እህት ከወሰዱት የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ከለጋሹ መቅኔ ላይ ቲ ሴሎቹን አጥርተው አውጥተው ሲሰጡም እንደዛው፣ ጎን ጉዳቱ ይቀንሳል ካንሰሩ ግን ይመለሳል። እኔ ይሄን ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ። ትንሽ ባዕድ የሆነ ቲ ሴል ነው የቀረውን ካንሰር እያደነ የሚጨርሰው ማለት ነው፣ መንትያው ግን ባዕድ ስላልሆነ አይቶ ያልፈዋል።

ከዛ በ1990 ሙኒክ ውስጥ ኮልብ የሚባል ሀኪምና ባልደረቦቹ ቀጥተኛውን ሙከራ አደረጉ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ፣ በአጭሩ ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር፣ መቅኔ ከተቀየረላቸው በኋላ የተመለሰባቸው 3 ሰዎች ነበሩ። እንደገና ከባድ ኬሞ ከመስጠት ይልቅ ከዛው ከመጀመሪያው ለጋሽ ነጭ የደም ሴል ብቻ ወስደው ሰጧቸው፣ ኢንተርፌሮን ከሚባል የመከላከያ ሴሎችን ከሚያነቃ መድሃኒት ጋር። ካንሰሩ ጠፋ። ሴል ብቻ ሰጥቶ የተመለሰ ሉኪሚያን ማጥፋት ማለት ነው፣ ዛሬም ድረስ ይሄ ህክምና ይሠራበታል።

እዚህ ጋር ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ሲኤምኤል ለመከላከያ ሴሎች በጣም የሚሸነፍ ካንሰር ሆኖ ሳለ ዛሬ ለዚህ በሽታ መቅኔ የሚቀየርለት ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ ለምን ቢባል በ2001 ግሊቬክ የሚባለው ኪኒን ስለመጣ። ኪኒን ዋጥ፣ ኑር፣ በቃ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚከታተሉ የሲኤምኤል በሽተኞችም በእርዳታ ፕሮግራም በነጻ ሲወስዱት የኖሩት መድሃኒት ነው፣ እና ብዙዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ልጅ እያሳደጉ ነው። ይሄን የማነሳው የሴል ህክምና በጣም ስለሚያጓጓ ሁሌም ከኪኒን የተሻለ የሚመስለው ሰው ስላለ ነው። አይደለም። ኪኒን የሚሠራ ከሆነ ኪኒኑን ውሰዱ።

ወደ ነገራችን። የለጋሽ ቲ ሴል ካንሰር ይገድላል ካልን ችግሩ ምንድነው? ችግሩ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አለመግደሉ ነው። ለሱ የበሽተኛው ሰውነት በሙሉ ባዕድ ነው፣ ስለዚህ ቆዳውንም አንጀቱንም ጉበቱንም ሊያጠቃ ይችላል። የተተከለው ሴል ሰውነትን ሲቃወም ማለት ነው፣ እኛ የለመድነው ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት ሲቃወም ነው፣ ይሄ የተገላቢጦሽ ነው። ቆዳ ይቀላል ይላጣል፣ ተቅማጥ አያቋርጥም፣ አይን ቢጫ ይሆናል፣ አንዳንዱ ላይ ለአመታት ይቆያል፣ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። ሀኪሞቹ እስከዛሬ የሚታገሉት ጥቅሙን ከጉዳቱ ለመለየት ነው፣ ሙሉ በሙሉ አልተለየም።

ስለዚህ ሌላ ሀሳብ መጣ፦ የራሱን የበሽተኛውን ቲ ሴል ብንጠቀምስ? የራሱ ሴል የራሱን ቆዳ አያጠቃም። ግን ደግሞ ካንሰሩንም እስካሁን አላጠቃም፣ ቢያጠቃ ኖሮ ሰውየው ባልታመመ። መልሱ ከላይ የሃይደልበርጎቹ ያሳዩት ነው፣ የሚያውቁትን ፈልጎ ማግኘትና መቀስቀስ። የት ይፈለጋሉ? መቅኔ ውስጥ።

ይሄን ሀሳብ ከሁሉም በላይ የገፉበት አሜሪካ ባልቲሞር ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፣ በጊዜው እዛ የነበሩት ኢቫን ቦሬሎና ኪምበርሊ ኑናን የሚባሉት። የመረጡት ካንሰር መልቲፕል ማይሎማ ነው። ማይሎማ ፕላዝማ ሴል የሚባሉት አንቲቦዲ አምራች ሴሎች ሲያብዱ የሚመጣ ካንሰር ነው፣ መኖሪያው ራሱ መቅኔ ነው፣ አጥንት ይበላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ማነስ ያመጣል፣ ካልሲየም ከፍ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከ60 በላይ ያሉትን ነው፣ የሚጀምረውም በወገብ ወይም በጎን አጥንት ህመምና በድካም ስለሆነ ለረጅም ጊዜ እርጅና ነው፣ ብርድ ነው፣ እየተባለ ይታለፋል። የወገብ ህመም ሁሉ ካንሰር ነው ማለቴ አይደለም ደግሞ፣ እንዳትደነግጡ። ግን ወገብ ህመም ከደም ማነስና ከኩላሊት ችግር ጋር አንድ ላይ ከመጣ ሀኪሙን ስለ ማይሎማ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለምን ማይሎማን መረጡ ቢባል፣ ካንሰሩና ሜሞሪ ሴሎቹ አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። በየቀኑ ይተያያሉ። በ2005 ባሳተሙት የላቦራቶሪ ሥራ ከማይሎማ በሽተኛ መቅኔ የወጡ ቲ ሴሎች ሲቀሰቀሱ ካንሰሩን በደንብ እንደሚገድሉ አሳዩ፣ ከዛው ሰው ደም ከተወሰዱት የተሻለ። እነዚህን የመቅኔ ሴሎች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ "ሚልስ" ነው የሚሏቸው፣ እኔም ለማሳጠር እንደዛው ልበል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሽተኛው በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛል፣ ከዳሌ አጥንት የኋላው ጫፍ ላይ፣ ቀበቶ ከሚያርፍበት ዝቅ ብሎ፣ ማደንዘዣ ይወጋል። ከዛ ወፈር ያለ መርፌ በአጥንቱ ውስጥ ይገባና መቅኔው በሲሪንጅ ይሳባል። ማደንዘዣው ቆዳውንና የአጥንቱን ላይ ነው የሚያደነዝዘው፣ ሲሳብ ግን ውስጡ አይደነዝዝም፣ ለጥቂት ሰከንድ እስከ እግር የሚወርድ የሚጎትት ስሜት አለው፣ ምርመራ የተደረገለት ሰው ጠይቁ ያንን ነው መጀመሪያ የሚነግራችሁ። የሚወጣው ነገር ቅልጥም ውስጥ እንደምናየው አይደለም፣ ወፍራም ደም ነው የሚመስለው። ለተራ ምርመራ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ለዚህ ህክምና ግን ከዛ በጣም የበለጠ ነው የሚወሰደው።

ላቦራቶሪ ሲደርስ ሴሎቹ በጣም ትናንሽ ዶቃዎች ጋር ይቀላቀላሉ። ዶቃዎቹ ላይ ሁለት አይነት አንቲቦዲ ተለጥፏል፣ አንዱ ሲዲ 3 የሚባለውን ሌላው ሲዲ 28 የሚባለውን የቲ ሴል ቁልፍ የሚነካ። ቲ ሴል አንዱ ብቻ ሲነካ አይነሳም፣ እንዲያውም ሊደነዝዝ ይችላል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሲነኩ ግን ይነቃና መራባት ይጀምራል። ኢንተርሉኪን 2 ይጨመርለታል፣ ሳምንት ገደማ ይራባል። ዶቃዎቹ ማግኔት የሚስባቸው ስለሆኑ መጨረሻ ላይ ማግኔት ተጠግቶ ይለቀማሉ፣ ሴሎቹ ብቻ ይቀራሉ፣ በከረጢት ሆነው ለበሽተኛው ይመለሳሉ፣ እንደ ደም በክንድ ወይም በደረት ቱቦ። ይሄ ሁሉ ሲሆን የሴሉ ጂን አልተነካም፣ አዲስ ነገር አልተጨመረበትም፣ የራሱ ሴል ነው ተቀስቅሶ በዝቶ የመጣው።

ሆፕኪንሶች በ2015 የመጀመሪያውን የሰው ላይ ሙከራ ውጤት አሳተሙ። 25 የማይሎማ በሽተኞች ገቡ፣ 22ቱ ሴሉን ወሰዱ። ሁሉም ለማይሎማ የተለመደውን ህክምና አብረው አግኝተዋል፣ ማለትም ሜልፋላን የሚባል ከባድ ኬሞ፣ ከዛ ቀድሞ የተቀመጠላቸው የራሳቸው ስቴም ሴል፣ ከ3 ቀን በኋላ ደግሞ ሚልስ። ለምን ከኬሞው በኋላ? መቅኔው ባዶ ሲሆን ለአዲሶቹ ቲ ሴሎች ቦታም ይገኛል፣ የሚያሳድጋቸው ኢንተርሉኪንም በብዛት ይኖራል፣ የሚሻማቸው የለም። ውጤቱ፦ 7ቱ ካንሰራቸው 90 በመቶና ከዛ በላይ ቀነሰ፣ እነሱ ካንሰሩ ሳይገፋ በአማካይ 25.1 ወር ቆዩ፣ የቀሩት 15ቱ 11.8 ወር። ከሴሎቹ የመጣ ከባድ ጎን ጉዳት አልታየም፣ ቅድም ያነሳሁት የለጋሽ ሴል ቆዳና አንጀት ማጥቃት እዚህ የለም። ሴሉን ከወሰዱ በኋላም መቅኔያቸው ውስጥ ካንሰሩን የሚያውቅ የመከላከል አቅም ተለክቶ ታይቷል።

ጥሩ ነው አይደል? ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥሩን በደንብ እዩት። ካንሰሩ 90 በመቶ የቀነሰለት ሰው ካልቀነሰለት ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆይ ምን ይገርማል? ሁሉም ደግሞ ሜልፋላንና ስቴም ሴል ወስደዋል፣ ሚልስ ያልወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን እዚህ ሙከራ ውስጥ የለም። ስለዚህ ያ 25 ወር የሴሎቹ ሥራ ይሁን የኬሞው ከዚህ ጥናት ብቻ መለየት አይቻልም። የዚህ አይነት የመጀመሪያ ሙከራ ዋና ዓላማው ይሠራል ወይ ሳይሆን ሰው አይጎዳም ወይ፣ ሴሉስ በበቂ መጠን ሊመረት ይችላል ወይ የሚለውን ማየት ነው፣ ያንን አሳይቷል። "የካንሰር መድሃኒት ተገኘ" ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን ወይ አላነበበውም ወይ ክሊክ ፈልጓል። ሚልስ ከዛ በኋላ የሳንባ ካንሰር ላይም በሙከራ ደረጃ ተሞክሯል፣ ሆኖም ማንኛውም ሀኪም ሊያዝዘው የሚችል በኤፍዲኤ (የአሜሪካ መንግስት መድሃኒት ተቆጣጣሪ) የጸደቀ ህክምና አልሆነም።

በዚሁ መሀል ሌላ መንገድ ቀድሞ ደረሰ፣ ካር ቲ። እሱን ሳላነሳ ካለፍኩ ትርጉም የለውም ምክንያቱም ዛሬ ሀኪም "የሴል ህክምና" ሲላችሁ ብዙ ጊዜ እሱን ማለቱ ነው። ካር ቲ ላይ ቲ ሴሉ የሚወሰደው ከደም ነው፣ ዳሌ መወጋት የለም፣ ሴሉ ካንሰሩን ቢያውቅም ባያውቅም ግድ የለም፣ ምክንያቱም ላቦራቶሪ ውስጥ አዲስ ጂን ይገባለትና ካንሰሩ ላይ ያለ አንድ ምልክት እንዲያይ ይደረጋል። በነሐሴ ወር መጨረሻ በፈረንጆቹ 2017 የመጀመሪያው ለልጆችና ወጣቶች ሉኪሚያ ጸደቀ፣ ዋጋው ያኔ 475 ሺህ ዶላር ነበር፣ ሆስፒታል ሳይጨመር። ለማይሎማ ደግሞ አቤክማ በ2021፣ ካርቪክቲ በ2022 ጸደቁ፣ ሁለቱም የሚያዩት ቢሲኤምኤ የተባለውን የፕላዝማ ሴል ምልክት ነው።

ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ካር ቲ በጣም ኃይለኛ ነው፣ ብዙ ህክምና ያልበገራቸው ሰዎች ላይ ካንሰሩን ሙልጭ አድርጎ ሲያጠፋ ታይቷል። ግን አንድ ምልክት ብቻ ነው የሚያየው፣ ካንሰሩ ያንን ምልክት ከላዩ ላይ ከጣለ ካር ቲው አጠገቡ ቆሞ አያየውም። በዛ ላይ ሴሎቹ ሲቆጡ ሳይቶካይን የሚባሉ መከላከያውን የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖች በገፍ ይለቁና ትኩሳት፣ ደም ግፊት መውረድ፣ አንዳንዴ ግራ መጋባትና መንቀጥቀጥ ያመጣሉ፣ ለዛ ነው ከሆስፒታል ራቅ ብላችሁ አትሂዱ የሚባለው። ሚልስ በተቃራኒው ብዙ አይነት ምልክት የሚያውቁ ሴሎች ድብልቅ ነው፣ ካንሰሩ አንዱን ቢደብቅ ሌላው ያየዋል፣ ለስለስም ይላል። ድክመቱም እዛው ጋር ነው፦ ከረጢቱ ውስጥ ካሉት ውስጥ ስንቱ ካንሰሩን እንደሚያውቅ ከሰው ሰው ይለያያል፣ አንዱ መቅኔው ውስጥ ጥሩ ሴሎች አሉት ሌላው የሉትም፣ መድሃኒት የምትሠራ ፋብሪካ ደግሞ የማትወደው ነገር ቢኖር በየበሽተኛው የሚለያይ ምርት ነው። የኔ ግምት የሁለቱ ቅልቅል ይመጣል ነው፣ ማለትም ከመቅኔ የወጣ ሴል ላይ ያንን ጂን ማስገባት፣ ይሄም በላቦራቶሪ ደረጃ የተሞከረ ሀሳብ ነው።

አሁን ይሄ እኛን ምን ያገባናል ለሚል። ማይሎማ አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮችን ከነጮች በእጥፍ ያህል ነው የሚይዘው። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለው የኛ ሰው ደግሞ ከሆፕኪንስ አንድ ሰአት ቢነዳ ነው፣ ስለዚህ እናት ወይም አባት ማይሎማ አለባቸው ከተባለ ስለ ሴል ህክምናና ስለ ሙከራ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ብዙ ወላጅ ሀኪሙ ፊት "እሺ ዶክተር" ብሎ ይወጣል፣ የሚያስተረጉመው ልጅ ደግሞ ወላጁን ላለማስደንገጥ ግማሹን ይውጠዋል። የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነጻ ነው፣ አማርኛ አለ።

ሁለተኛው የለጋሽ ጉዳይ ነው። ከሌላ ሰው መቅኔ ለመውሰድ ኤችኤልኤ የሚባለው የሴል መታወቂያ መግጠም አለበት። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እህት የመግጠም እድሉ 25 በመቶ ነው። እዛ ካልተገኘ ወደ ለጋሾች መዝገብ ነው የሚኬደው፣ የአሜሪካው መዝገብ ራሱ እንደሚለው ነጭ በሽተኛ ሙሉ የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት እድሉ 79 በመቶ ሲሆን ጥቁር አሜሪካዊ 29 በመቶ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ኤችኤልኤው የኛን ሰው ነው የሚመስለው፣ እኛ ካልተመዘገብን ማን ይመዝገብልን። መመዝገብ ማለት ጉንጭን በጥጥ ጠርጎ በፖስታ መላክ ነው፣ በወጣትነት ቢሆን ይመረጣል። ከተጠራችሁም አብዛኛው ልገሳ ዛሬ ከዳሌ አይደለም፣ ለጥቂት ቀን መርፌ ተወግታችሁ ስቴም ሴሉ ወደ ደም ይወጣና በማሽን ከክንድ ይጣራል። እስራኤል ላሉት ኤዘር ሚጽዮን የሚባለው ትልቅ መዝገብ አለ። ደግሞም ሙሉ የሚገጥም ሰው ጠፋ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ ያው ባልቲሞርና ሲያትል ያሉ ሀኪሞች ግማሽ ብቻ ከሚገጥም ለጋሽ፣ ማለትም ከእናት፣ ከአባት ወይም ከልጅ ወስደው ከ3 ቀን በኋላ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል የቆየ ርካሽ መድሃኒት በመስጠት ክፉዎቹን ቲ ሴሎች የሚያጠፉበትን ዘዴ አሳይተዋል፣ በ2008 ያሳተሙት ሥራ ከዛ ወዲህ አለም ላይ ተሰራጭቷል። ለኛ አይነቱ ለጋሽ ላጣ ህዝብ ከሁሉም የጠቀመው ምናልባት ይሄ ነው።

አገር ቤት ላሉት እውነቱን ልናገር፣ ካር ቲ አሁን የቅርብ ነገር አይደለም፣ መቅኔ ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ብዙ ሰው ወደ ህንድ ወይም ሌላ አገር ነው የሚላከው፣ ያም ገንዘብ ለቅሞ። እና ገንዘብ ባለበት አጭበርባሪ አለ። "ስቴም ሴል ህክምና" ብለው ስኳርም ጉልበትም ካንሰርም እናድናለን የሚሉ ክሊኒኮች በየአገሩ አሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ሳይቀር ኤፍዲኤ በተደጋጋሚ አስጠንቅቆባቸዋል። መለያው ቀላል ነው። ትክክለኛ የሴል ህክምና የሚሰጠው ለታወቀ አንድ በሽታ ነው፣ ምን አይነት ሴል እንደሆነ (ስቴም ሴል ነው ወይስ ቲ ሴል፣ የራስ ነው ወይስ የለጋሽ) በግልጽ ይነገራችኋል፣ ጎን ጉዳቱን ሳትጠይቁ ይነግሯችኋል፣ ሙከራ ከሆነ ደግሞ በአሜሪካ መንግስት የሙከራዎች መዝገብ ላይ ቁጥር አለው፣ ማንም ገብቶ ያየዋል። መዝገቡ ላይ መኖሩ ብቻ ግን አያስተማምንም፣ ያልጸደቁ ነገሮችም እዛ ይመዘገባሉ፣ ስለዚህ የሚከፈለውን ተመልከቱ። ደህና ሙከራ ላይ ለሚሞከረው ሴል ራሱ በብዛት አያስከፍሏችሁም፣ አጥኚው ነው የሚችለው፣ እናንተ ወይም ኢንሹራንሳችሁ የምትከፍሉት የተለመደውን ህክምና ነው። "ሙከራ ነው ግን 30 ሺህ ዶላር ቅድሚያ ክፈሉ" ያላችሁ ካለ ስልኩን ዝጉት።